የቀትር አድማጮች

አሰብ፣ የካቲት 12 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለአቶ ወልደሚካኤል
ኮምቦልቻ

ደብዳቤ በሰላምታ ይጀመራል ብለህ ያስተማርከኝ አንተ ነህ። ስለዚህ ሰላም ለአንተ ይሁን። ደህና ነዎት ወይ ብለሃል፤ ደህና ነኝ። ጉልበቴን ያመኛል፣ ዓይኔ ከሰዓት በኋላ ይደክማል፣ የቀረው እንደተውከው ነው። ሳልሰናበትዎ በመሄዴ ተቀይመውኛል ወይ ብለሃል። አዎ። ዕቃህን ጭነህ ስትሄድ እኔ ቀበሌ ሱቅ ስኳር ተሰልፌ ነበር። ስመለስ በርህ ላይ ቁልፍ ተንጠልጥሏል፤ ደጃፌ ላይ ቴፕህ፣ ቴርሞሜትርህና የአድማጮች ማኅበራችን ደብተር በካርቶን ተቀምጠዋል። አሥራ ሁለት ዓመት ጎረቤቴ የነበረ ሰው በካርቶን ተሰናበተኝ።

ቴፑን ጨው በልቶታል፤ አይናገርም። ቴርሞሜትሩ ይሠራል፤ ግን አሰብ ላይ ሙቀት መለካት ባሕር ላይ ውሃ መለካት ነው።

አዎ፣ ማኅበሩ አልሞተም። ቀበሌው መዝገብ ላይ አሁንም «የጎጂ ልማድ አጥኚ ኮሚቴ» ተብለን ነው ያለነው፤ ጎጂው ጂኒው ይሁን እኛ፣ ሊቀ መንበሩም የሚያውቅ አይመስለኝም። ሰው ግን ይጠራናል። ቤቴ ውስጥ የማላየው ነገር ይራመዳል የሚል፣ ጠንቋይ ዘንድ መሄድ የፈራ ወይም ያፈረ፣ እኛን ይጠራል። እንዳሠለጥናቸው የላክሃቸው ሦስቱ መጥተዋል። ዘውድነሽ ከደብረ ማርቆስ ተመድባ የመጣች አስተማሪ ናት። ስለሺ ማጣሪያው ውስጥ በያጅ ነው፤ አፉ አያርፍም። ንዋይ የጉምሩክ ጸሐፊ ነው፤ እሱ ደግሞ ከሚሰማው በላይ ይጽፋል።

«ለምን ሌሊት አንሄድም?» አለችኝ ዘውድነሽ በመጀመሪያው ቀን።

«አሰብ ላይ ሌሊት ማን ቤት ውስጥ አለ? ሰው ሁሉ አልጋውን ውጭ አውጥቶ ነው የሚተኛው። ጂኒውስ ማንን ብሎ ይመጣል?»

«እሱም አልጋውን አውጥቶ ይሆናላ!» አለ ስለሺ።

እዚህ ባዶው ሰዓት ቀትር መሆኑን ነገርኳቸው። መሥሪያ ቤቱ ሲዘጋ፣ በሩ ሁሉ ሲቆለፍ፣ መንገዱ ነጭ ሆኖ ውሻ እንኳ የማያልፍበት ሰዓት። አባቶቻችን የቀትር ጋኔን ያሉት ይህን ከተማ ሳያዩ ነው።

የቀረውን አንተ እንዳስተማርከኝ አስተማርኳቸው። እያንዳንዱ በየማዕዘኑ ይቀመጣል፣ አይነጋገርም። የሰማውንና ያየውን ይጽፋል፤ ያሰበውን አይጽፍም። ወረቀቱን አጥፎ ለእኔ ይሰጣል። አንዱ ብቻ የሰማው ይሰረዛል። ሦስቱም የሰሙት ደብተር ላይ ይገባል፣ ማንንም ቢያሳፍር። በገዛ ቤትም አይደመጥም፤ በገዛ ቤቱ ሰው የሚሰማው ራሱን ነው ትል ነበር።

አሁን ያልጠየቅከኝን ልንገርህ። በኅዳር 1972 ልጄ ብርቅዬ ስትሄድ ትራሷ ላይ ወረቀት ትታ ነበር። ፊደል አላውቅም ነበርና ሮጬ ላንተ ሰጠሁህ። ግቢው መካከል ቆመህ፣ «እማዬ፣ አዲስ አበባ ሥራ አግኝቻለሁ፣ አትፈልጊኝ፣ እጽፍልሻለሁ» ብለህ አነበብክልኝ። በቃ። አጥፈህ ኪስህ ከተትከው። እኔ ያኔ ማንበብ አልችልም እንጂ ማየት እችል ነበር። ወረቀቱ በሁለት በኩል ተጽፎ ነበር። አንተ ያነበብከው ግን አንድ ትንፋሽ ነው።

አንድም ደብዳቤ አልመጣም። በስተርጅና ፊደል የቆጠርኩት የቀበሌ ማስታወቂያ ለማንበብ አይደለም። ወረቀቱን ላክልኝ።

ጥላነሽ


ኮምቦልቻ፣ የካቲት 27 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ጥላነሽ

ደብዳቤዎን ሾፌሩ ውድነህ በእጄ ሰጠኝ። እጅ ጽሕፈትዎ ቀንቷል፤ ደስ አለኝ። እኔ ደህና ነኝ። እዚህ ብርድ ነው። ካፖርት ለብሼ ዴፖው ውስጥ እውላለሁ። የአሰብን ሙቀት ስረግም የኖርኩ ሰው፣ አሁን በሕልሜ ላብ ያሰምጠኛል። ሕልሜ ሁልጊዜ ቀትር ነው። ያን ግቢያችንን አያለሁ፤ በሮቹ ሁሉ ዝግ ናቸው፤ የእርስዎ ብቻ ገርበብ ብሏል። ልገባ ስል አሸዋው ከእግሬ ሥር እንደ ውሃ ይሸሻል።

ለልጆቹ አስቀድመው የቤቱን የራሱን ድምፅ ያስጠኗቸው። ቆርቆሮ ሲሞቅ ይንኳኳል፣ ፉስቶ ውሃው ሲጎድል ያቃስታል፣ ቬንቲሌተር መብራት ከጠፋ በኋላም ጥቂት ይተነፍሳል። ቤቱን በሕይወት የማያውቅ ሰው፣ ሙቱን ሊሰማ አይችልም።

ያ ወረቀት፣ እትዬ፣ በዕቃዬ መካከል ይኖራል። ገና ያልፈታሁት ሣጥን አለ። እፈልገዋለሁ።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ከባሕር ዳሩ መንደር ከዒድ ዓሣ አሁንም ይመጣል ወይ? እዚህ ዓሣ የለም፤ ናፈቀኝ።

አክባሪዎ ወልደሚካኤል


አሰብ፣ መጋቢት 18 ቀን 1976 ዓ.ም.

ወልደሚካኤል፣

ሰላም ብያለሁ። ሣጥን ብለሃል። ከሄድክ ዓመት ሆነህ፤ ዓመት ሙሉ ያልተፈታ ሣጥን እንዴት ያለ ነው? እኔም አንድ አለኝ፤ የኔ ግን ደረቴ ውስጥ ነው።

የቤቱን ድምፅ ለልጆቹ ያስጠኑ ብለሃል። የመጀመሪያ ቀናቸው እታፈራሁ ቤት ነበር። ቀትር ላይ ጓሮዬን የሚጠርግ አለ ብላ ጠራችን። አንድ ሰዓት ተቀመጥን። ሲነሡ ንዋይ አራት ገጽ አስረከበኝ።

«'ሐዘንተኛ መንፈስ በመጥረጊያ ይንጎራደዳል' ይላል። ሐዘኑን በየትኛው ጆሮህ ሰማኸው?» አልኩት።

«በግራው ነው፣ እትዬ» አለ ስለሺ። «ቀኙ የመንግሥት ነው፤ ጉምሩክ ይሰማበታል።»

ዘውድነሽ ግን «ፈስ… ፈስ… ከግድግዳው ውጭ፣ ነፋስ ሲነሣ ይበረታል» ብቻ ብላ ነበር የጻፈችው። ወጥተን አየን። ሽቦ ላይ የተንጠለጠለ የሸራ ቁራጭ ነው፤ የባሕሩ ነፋስ ቀትር ላይ ሲነሣ ግድግዳውን ይጠርጋል። ስለሺ ጠምዝዞ አሰረው። እታፈራሁ ደስ ይላታል ብለን ስንነግራት ቁጭ ብላ አለቀሰች። ለካ ሟች ባሏ መስሏት ኖሯል። በሕይወቱ መጥረጊያ ጨብጦ የማያውቅ ሰው! በማግስቱ ሳልፍ ሸራውን ፈትታዋለች። ይጠርጋል። ደብተሩ ላይ ነፋስ ብዬ ጻፍኩ፤ ለእሷ ግን ምንም አላልኳትም።

ዓሣ ይመጣል ወይ ብለሃል። ይመጣል። ሁመድ የሚባለውን የዒድ ዓሣ ሻጭ ታውቀዋለህ፤ የደረቀ ዓሣውን ተሸክሞ በየወሩ ደጄ ይቆማል። ዓሣውን ሳይሆን ሌላ ነገር ነው የሚፈልገው።

«ሰላም አሌኩም፣ እናት። ሲንጀሩ ይሠራል?»

«አይሸጥም አልኩህ እኮ!»

«ልግዛ አላልኩም። ይሠራል ወይ ነው።»

«ቢሠራ ባይሠራ ምን አገባህ? ዓሣህን ሽጥ!»

ይስቅና ይሄዳል። በወሩ ያንኑ ይዞ ይመጣል። ይኸው አራት ዓመት ሊሆነው ነው። የልጄን ዕቃ የሚያንዣብብበት አሞራ።

የልጄ የስፌት መኪና፣ ሲንጀሩ፣ እንዳለ ነው። መስኮቱ ሥር ነው፤ ነፋስ በዚያ ብቻ ስለሚገባ እኔም ቀትሩን የማሳልፈው እዚያ፣ በሷ ወንበር ላይ ነው። ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርህ። እንቅልፍ ሸለብ ሲያደርገኝ ሲንጀሩን እሰማዋለሁ። የሷ አሰፋፍ ነው። ብርቅዬ ጥግ ላይ ስትደርስ ጨርቁን አዙራ ሁለቴ ትመልስ ነበር፤ «እንዳይተረተር» ትለኝ ነበር። ያው ነው፤ ይሮጣል፣ ቆም ይላል፣ ሁለቴ መለስ ይላል። ዓይኔን ስገልጥ ይቆማል። ክፍሉ ውስጥ ብርሃኑ ብቻ አለ፣ ነጭ፣ እንደ ተሰጣ አንሶላ።

በሕይወት ያለ ሰው ደብዳቤ ይጽፋል። በድምፅ የሚመጣ የሞተ ነው። እኔ ያገሬ ሰው ነኝ፤ ይህን አውቃለሁ። ግን የሰማሁት ብቻዬን ነው፤ አንዱ ብቻ የሰማው ደግሞ ይሰረዛል።

እነዚህን ልጆች የማሠለጥነው ለእታፈራሁ ግድግዳ እንዳይመስልህ። በቤቴ ላስቀምጣቸው ነው፤ ምን እንደምሰማ አልነግራቸውም። ሦስቱም ሲንጀሩን ከሰሙ ከል እለብሳለሁ፤ ለልጄም ተዝካር አወጣለሁ። በገዛ ቤት አይደመጥም እንዳትለኝ።

ጥላነሽ


አሰብ፣ ሚያዝያ 22 ቀን 1976 ዓ.ም.

ወልደሚካኤል፣

ቴሌግራምህ ደርሶኛል። «በቤትዎ አይቀመጡ ዓሣ ሻጩ መጣ ወይ ደብዳቤ እልካለሁ።» የደረሰኝ ከተቀመጥን ከሦስት ቀን በኋላ ነው፤ ደብዳቤው ግን እስከዛሬ አልመጣም።

እንዴት ሆነ ብትለኝ እንዲህ ሆነ። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ መጡ። በየማዕዘኑ አስቀመጥኳቸው። እኔ ያው ወንበሯ ላይ ተቀመጥኩ፤ ሌላ ወንበር የለም። ወደቡ ዝም ብሎ ነበር። አንዲት መርከብ ጮኸች፣ ከዚያ እሷም ተኛች። ብርሃኑ ወለሉ ላይ ሲሄድ አየሁት፤ ወደ እግሬ መጣ፣ ቁርጭምጭሚቴን ያዘ። ከዚያ ሲንጀሩን ሰማሁት። እንዲያ ቅርብ ሆኖ ሰምቼው አላውቅም። ልጄ እዚያው ጉልበቴ ላይ ተቀምጣ የምትሰፋ ያህል ነበር። ብርቅዬ ልላት ስል ዓይኔ ተገለጠ። ቆመ።

ሦስቱም ወረቀታቸው ላይ አቀርቅረዋል። ስለሺ አልቀለደም። ንዋይ አንድ ወረቀት ብቻ ሰጠኝ። ውሃ እንኳ ሳይጠጡ ወጡ። ከሉን ሣጥን ውስጥ አዘጋጅቼ ነበርና አውጥቼ አልጋው ላይ ዘረጋሁት፤ ከዚያ ወረቀቶቹን ከፈትኩ። እንዳሉ እገለብጥልሃለሁ።

ንዋይ፦ «የስፌት መኪና ድምፅ። መርፌው ሥር ጨርቅ የለም።»

ስለሺ፦ «ሲንጀሩ ሰባት ደቂቃ ዞረ። የሚረግጡት እትዬ ናቸው። ተኝተዋል።»

ዘውድነሽ፦ «ወይዘሮ ጥላነሽ ዓይናቸውን ጨፍነው ፔዳሉን ይረግጣሉ። እጃቸው ጨርቅ እንደሚገፋ ሰው ወደፊት ይሄዳል። ጥግ ላይ የደረሱ ይመስል ቆም ይሉና ሁለቴ ይመልሳሉ። ጉንጫቸው ረጥቧል። ያሰብኩትን አልጻፍኩም።»

ለካ እኔ ነኝ! ሲንጀር ሰፍቼ አላውቅም፤ እሷ ስትሰፋ ግን አሥር ዓመት እግሯን አይ ነበር። እግሬ ሳይነግረኝ ተምሮ ኖሯል። አፈርኩ። ከዚያ ብቻዬን ሳቅሁ፤ መቼ እንደሳቅሁ ረስቼው ነበር። ከሉን አጥፌ መለስኩት። በማግስቱ ስለሺ የዘይት ቆርቆሮ ይዞ መጣና፣ «እትዬ፣ ጂኒዎ ይንቋቋል፣ ዘይት ልስጠው» ብሎ ሲንጀሩን ቀባልኝ።

ደብተሩ ላይ በገዛ እጄ አስገብቼዋለሁ። ቤቴ ውስጥ ሙት የለም። ልጄ አለች አልልም፤ ሞታለች የሚል ግን አሁን ማንም የለም፣ እግሬም ጭምር።

እነዚህ ልጆች ይፈሩኛል። አፌን ያውቁታል። ግን ያሳፍራታል ብለው አልቀየሩልኝም፤ ያዩትን ጻፉልኝ። ይህን ሕግ ያወጣኸው ሰው አንተ ነህ። አንተ ግን ያን ቀን የተጻፈውን አላነበብክልኝም፤ ያሰብከውን አነበብክልኝ። ሣጥንህን ፍታ።

ስለ ዓሣ ሻጩ እንደገና ጠይቀህ ነበር። ለምን ደጋግመህ እንደምትጠይቅ አላውቅም። ለማንኛውም ከእንግዲህ አይመጣም። ከመቀመጣችን በፊት ባለው ሳምንት፣ ልቤ ሐዘን ላይ እያለ፣ መጥቶ ያንኑ ሲንጀሩን አነሣ። አንድ ጆግ ውሃ ደፋሁበት። ደግመህ ደጄን እንዳትረግጥ አልኩት። የመጠጥ ውሃ ነበር፤ የቆጨኝ እሱ ብቻ ነው። አልሳቀም። «እሺ እናት» ብሎ ፊቱን ጠርጎ ሄደ።

ጥላነሽ


ኮምቦልቻ፣ ግንቦት 10 ቀን 1976 ዓ.ም.

እትዬ ጥላነሽ፣

ይህ በፖስታ የሚሄድ አይደለም። ውድነህ በእጅዎ ይሰጥዎታል፤ አብሮት ያለውን ወረቀት ገና ሲያዩት ያውቁታል። ሣጥን ውስጥ አልነበረም። ካፖርቴ ገበር ውስጥ ሰፍቼው ነው የኖረው።

ያን ቀን ሳነብልዎ ከኋላዎ፣ የግቢው በር ላይ፣ አብዮት ጠባቂው ቆሞ ነበር። እርስዎ እኔን ያዩ ነበር፤ እኔ እሱን አይ ነበር። አፌ ያመጣልኝን አነበብኩ። ያ ውሸት ለብርቅዬ ነበር፤ አይቆጨኝም። ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት ግን ለራሴ ናቸው። ሳምንት ሳይሞላ ተጠርቼ አሥራ ዘጠኝ ቀን መክረሜን ያስታውሳሉ፤ የመሥሪያ ቤት ጉዳይ ነው ብዬዎት ነበር። ከእስር ስወጣ፣ እትዬ ድምፃቸውን ዝቅ ማድረግ አይችሉም፣ ቢያውቁ ይጮኻሉ ብዬ ራሴን አሳመንኩ። እውነቱ ግን ፈራሁ። ያ ዓሣ ሻጭ ደጅዎ ሲቆም፣ እርስዎም ሲያባርሩት፣ በመስኮቴ አይ ነበር። በየወሩ አይ ነበር። በየወሩም የሚቀጥለው ወር እነግራቸዋለሁ እል ነበር።

ፊደል ያስቆጠርኩዎት አንድ ቀን ወረቀቱን ሰጥቼ፣ እኔ ሳልናገር እንዲያነቡት ነው። የሚያነቡበት ቀን ሲደርስ ዝውውር ጠየቅሁ።

ስለ ውሃው የጻፉትን ሳነብ ወንበሬ ላይ መቀመጥ አቃተኝ። ምን እንደሆነ ወረቀቱ ይነግርዎታል። በፈጠረዎት፣ ቶሎ ያንብቡት።

ወልደሚካኤል


አሰብ፣ ሰኔ 3 ቀን 1976 ዓ.ም.

ወልደሚካኤል፣

ደርሶኛል። ለማንበብ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ዘውድነሽ «ላንብብልዎት?» አለች። እምቢ አልኳት። አንድ ጊዜ ተነብቦልኛል።

የመጀመሪያው መስመር፣ «ጋሼ ወልደሚካኤል፣ በሩን ይዝጉና ያንብቡላት» ነው የሚለው። ከእሱ በታች፣ «እማዬ፣ ስሜ ዝርዝር ውስጥ መግባቱን ሰው ነገረኝ። በዒድ በኩል በጀልባ ወደ ማዶ እሻገራለሁ። ፖስታ አልጽፍልሽም፤ የሚያነበው ብዙ ነው» ይላል። ገለበጥኩት። በወዲያኛው በኩል ያለው ይኸውልህ፤ አንተ ታውቀዋለህ፣ እኔ ግን በገዛ እጄ ልጽፈው እፈልጋለሁ።

«ሲንጀሬን አትሽጪ። ሁመድ የሚባል ዓሣ ሻጭ ይመጣል። ሲንጀሩ ይሠራል ወይ ብሎ ይጠይቅሻል። ይሠራል በይውና በእጅሽ የሰፋሽውን ቁራጭ ጨርቅ ስጪው፤ በሕይወት መኖርሽን በእሱ አውቃለሁ። እሱም የኔን ይሰጥሻል። መስፋት አላውቅም እንዳትዪኝ፤ ጠማማም ቢሆን ስፊ። እኔ እስካለሁ ድረስ መጠየቁን አያቆምም።»

እስካለሁ ድረስ መጠየቁን አያቆምም። በየወሩ ደጄ ቆሞ ልጅሽ አለች ሲለኝ ነበር። እኔ ውሃ ደፋሁበት።

በግንቦት አልመጣም። ዓሣ ተራ ሄጄ ጠየቅሁ፤ ሁመድ ዒድ ነው፣ አሰብ መሄድ ጠልቷል አሉኝ። ዒድ ለመሄድ የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል፤ ለምን ትሄጃለሽ ቢሉኝ ምን እላለሁ? ንዋይን ጠራሁት። «ወደ ዒድ ለምትመለስ ጀልባ ሁለት ቃል ንገርልኝ፤ ለሁመድ፣ ሲንጀሩ ይሠራል» አልኩት። ምን ማለት ነው ብሎ ይጠይቀኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። አየት አደረገኝና፣ «ያሰብኩትን አልናገርም፣ እትዬ» ብሎ ሄደ። አራት ገጽ ይጽፍ የነበረው ልጅ።

ይህን ደብዳቤ አልዘጋውም። ውድነህ እስኪመለስ አሥር ቀን አለ።

ሰኔ 8። መስፋት ጀምሬያለሁ። ስፌቴም እንደ ጽሕፈቴ ነው፤ ከመስመሩ ይወጣል። መርፌ ሁለት ጊዜ ሰበርኩ። በቀትር፣ ዓይኔን ገልጬ፣ መስኮቱን ከፍቼ እረግጣለሁ፤ ድምፁ እስከ መንገዱ ይሄዳል። የአሰብ ሰው ሁሉ በሩን ዘግቶ ተኝቷል። ሳይነቃ ሁሉም በሕልሙ ሲንጀር ይሰማ ይሆናል።

ሰኔ 12። ልጆቹ ዛሬም በየማዕዘናቸው ተቀምጠዋል። ማንም አልጠራቸውም፤ ራሳቸው ናቸው የመጡት። እኔ እሰፋለሁ፣ እነሱ ያዳምጣሉ። ነፋሱ ገና አልተነሣም። ጥግ ላይ ደርሼ ጨርቁን አዙሬ ሁለቴ ስመልስ ሦስቱም ከየማዕዘናቸው ተነሥተው ወረቀታቸውን ሰጡኝ። ሰዓቱ ገና ነበርና ልቆጣ ነበር። ከፈትኳቸው።

ዘውድነሽ፦ «በር ተንኳኳ።»

ንዋይ፦ «በር ተንኳኳ።»

ስለሺ፦ «በር ተንኳኳ። እትዬ አልሰሙም፤ ሲንጀሩን እየረገጡ ነው።»

ሦስቱም ሰምተዋል። ደብተሩ ላይ አስገብቼዋለሁ። ክሩን በጥርሴ በጥሼ፣ ጨርቄን ይዤ ተነሣሁ።

ከዚያ በኋላ ያለውን በወረቀት አልጽፍም። ይቅርታ ጠይቀሃል፤ ገና ነኝ። የኔን ሣጥን ስፈታ የዚያን ቀን እጽፍልሃለሁ። እስከዚያ ግን በሕልምህ ያ በር ገርበብ ብሎ ካየኸው አትግባ፤ እንግዳ አለብኝ።

ይህን ብቻ ላንተም ልንገርህ፤ አራት ዓመት በካፖርትህ ተሸክመኸዋልና። እጄ ላይ የመዳፍ ያህል ሰማያዊ ጨርቅ አለ። ስፌቱ ቀጥ ያለ ነው። ጥጉ ላይ ሁለቴ ተመልሷል።

ጥላነሽ